የተረሳች ሐረግ፦ ለባህልና ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በቅድስት መንበር የባህልና ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ በየሀገረ ስብከቱ ለካቶሊክ ትምህርት ኃላፊዎች፣ ለርእሳነ መምህራን፣ ለመምህራንና ለወላጆች
ጉዳዩ፦ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሥርዓተ አምልኮ ትምህርትን ይመለከታል

ብፁዓን አባቶች፣ ክቡራትና ክቡራን፣

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ያወጣው መግለጫ፣ «ግራቪሲሙም ኤዱካሲዮኒስ»፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ስልሳኛ ዓመቱን ደፈነ። (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ በዚሁ ምክንያት ስለ አዳዲስ የተስፋ ካርታዎች የሚናገረውን ሐዋርያዊ መልእክታቸውን ለዓለም አቅርበዋል፤ እንግሊዛዊውን ካርዲናል ቅዱስ ጆን ሄንሪ ኒውማንን ከቅዱስ ቶማስ አኳይናስ ጋር የካቶሊክ ትምህርት ጠባቂ እንዲሆን ሰይመዋል፤ ኖቬምበር 1 ቀንም የቤተ ክርስቲያን መምህር መሆኑን ዐውጀዋል። በዚህ ሁሉ ከልባቸው ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ በዚያ ሰሞን ካነበብኳቸው ጽሑፎችና ካዳመጥኳቸው ንግግሮች መካከል፣ ከመግለጫው ሁለተኛ ቁጥር ላይ ያለችውን አንዲት ሐረግ የጠቀሰ አላጋጠመኝም፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በዚያ ቁጥር ጉባኤው የተጠመቁ ሁሉ ክርስቲያናዊ ትምህርት የማግኘት መብት እንዳላቸው ከገለጸ በኋላ፣ የዚህ ትምህርት ዓላማ የሰውን ብስለት ከማሳደግ እንደሚያልፍ ያስረዳል። ተማሪዎቹ የድኅነትን ምሥጢር ደረጃ በደረጃ እያወቁ፣ የተቀበሉትን የእምነት ጸጋ ዕለት ዕለት ይበልጥ እያስተዋሉ ሊሄዱ ይገባል ይላል፤ ከዚያም አያይዞ፣ በዮሐንስ ወንጌል አራተኛ ምዕራፍ እንደተጻፈው እግዚአብሔር አብን በመንፈስና በእውነት ማምለክን፣ በተለይም በሥርዓተ አምልኮ አማካይነት፣ እንዲማሩ ይጠይቃል። እንግዲህ በጉባኤው አባቶች ዘንድ አምልኮ ከትምህርቱ መካከል የሚቆጠር ነው፤ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጌጥ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ካህን ወይም የነገረ መለኮት ሊቅ ሆኜ ሳይሆን፣ በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት የማስተምር ምእመን ሆኜ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን አምልኮን ጨርሰው ትተዋል ብዬ አልከስም። ከሌላው ሥራቸው ለይተው ዳር አስይዘውታል፣ ሲያደርጉትም እንደ ትምህርት ሳይሆን እንደ ዝግጅት ያደርጉታል ነው የምለው።

ነገሩን በቅርብ ለማሳየት፣ ብዙዎቻችን በምናውቀው መልክ የሚከናወነውን የትምህርት ቤት ቅዳሴ ላንሣ። ቅዳሴው የሚደረገው በስፖርት አዳራሹ ነው፤ ተማሪዎቹ በየክፍላቸው ይደረደራሉ፣ መምህራኑ ጸጥታ ለማስከበር ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ፤ ስለዚህም አብዛኞቹ መምህራን ቅዳሴውን የሚያሳልፉት ፊታቸውን ወደ መንበረ ታቦቱ ሳይሆን ወደ ተማሪው አዙረው ነው። ሕዝቡ የሚመልሰው ሁሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይበራል። መዝሙሩን ጥቂት ልጆች በማይክሮፎን ይዘምራሉ፣ የቀሩት መቶዎች ያዳምጣሉ። በመባ ጊዜ ኅብስቱና ወይኑ ከመምጣታቸው በፊት ኳስ፣ ዋንጫ፣ ላፕቶፕና የሥዕል ሥራ በሰልፍ ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ምንን እንደሚወክልም አንድ ሰው ያብራራል። (ኳሱና ላፕቶፑ ከቅዳሴው በኋላ ወደየባለቤታቸው ስለሚመለሱ፣ በእርግጥ ለእግዚአብሔር የተሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ለልጆች ማስረዳት ቀላል አይደለም።) ከቁርባን በኋላ ሊኖር የሚገባው ጸጥታ ለማስታወቂያ ይውላል። በመጨረሻ ምስጋና ይቀርባል፣ ይጨበጨባል፣ ደወል ይደወላል።

በዚህ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው የለም፤ እንዲያውም ሁሉም ደክሟል። ነገር ግን አምልኮ፣ እናስተምርበታለን ብለን ባናስብ እንኳ፣ ማስተማሩን አይተውም። ከዚያ አዳራሽ የሚወጣው ልጅ አንድ ነገር በደንብ ተምሯል፤ ቅዳሴ ማለት ሌሎች የሚያቀርቡት፣ እርሱ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ እስኪያልቅ የሚጠብቀው ነገር ነው።

ጉባኤው የፈለገው የዚህን ተቃራኒ ነበር። በዲሴምበር 4 ቀን 1963 በ2,147 የድጋፍና በ4 የተቃውሞ ድምፅ የጸደቀው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ፣ ምእመናን በሙሉ ልብ፣ በማስተዋልና በንቃት መሳተፋቸው ከጥምቀታቸው የሚመነጭ መብታቸውና ግዴታቸው እንደሆነ በቁጥር 14 ላይ ያስቀምጣል። በቁጥር 30 ላይ ደግሞ ተሳትፎው በምን እንደሚገለጥ ሲዘረዝር፣ ሕዝቡ የሚመልሳቸውን ቃላት፣ መዝሙረ ዳዊትን፣ ዜማን፣ የሰውነት እንቅስቃሴና አቋቋምን ከጠቀሰ በኋላ፣ በየጊዜው የሚጠበቀውን ቅዱስ ጸጥታም ይጨምራል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አንዱም ያለ ልምምድ የሚመጣ አይደለም። ልጅ እንዲዘምር ዜማውን ማወቅ አለበት፤ ዝም እንዲል ደግሞ ዝምታን የለመደ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ከፊተኛው እንደሚከብድ ማንኛውም መምህር ይመሰክራል።

ከልጆች ጋር ስለሚደረጉ ቅዳሴዎች በኖቬምበር 1 ቀን 1973 የወጣው የቅድስት መንበር መመሪያ እስከ ዛሬ ድረስ ከማውቃቸው ሰነዶች ሁሉ ለአስተማሪ የሚቀርብ ነው። መመሪያው ልጅ ቅዳሴን ከመረዳቱ በፊት ሰላምታ መለዋወጥን፣ ማዳመጥን፣ ይቅርታ መጠየቅንና መስጠትን፣ ማመስገንን፣ አብሮ ማዕድ መቅረብን በሕይወቱ ሊቀምሳቸው እንደሚገባ ይናገራል። በአዘቦት ቀን ከልጆች ጋር የሚደረግ ቅዳሴ ፍሬ እንደሚያፈራ ቢያምንም፣ ለምሳሌ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በየቀኑ ባይሆን እንደሚሻል ይገልጻል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ለዝግጅት የሚበቃ ጊዜ ሊኖር ይገባልና። በልጆች ቅዳሴ ውስጥም ጸጥታ በቦታው እንዲጠበቅ ያዝዛል። የልጆቹ ቅዳሴ ሁሉ ግቡ ወደ አዋቂዎቹ ቅዳሴ ማድረስ እንደሆነም አይዘነጋም። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ይህን ሰነድ ስንት ርእሳነ መምህራን አንብበውታል ብዬ ብጠይቅ በድፍረት አይቆጠርብኝ።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ሜይ 10 ቀን 2025 ለካርዲናሎች ሲናገሩ ይህን ስም የመረጡበትን ምክንያት አስረድተው ነበር፤ ሊዮ 13ኛ በ1891 የኢንዱስትሪው አብዮት ያስነሣውን የሠራተኞች ጥያቄ እንደ መለሱ ሁሉ፣ የዛሬዋ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ክብር፣ በፍትሕና በሥራ ላይ ላመጣው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ይኖርባታል። የእናንተው ጽሕፈት ቤትም ከእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት ጋር በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሰነድ፣ መምህሩ በአካል በክፍሉ ውስጥ መገኘቱ የሚፈጥረውን ግንኙነት ማሽን ሊተካው እንደማይችል አሳስቧል።

ይህ በእኔ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ተማሪዎቼ ስለ ቅዱስ ቁርባን አንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ አዝዤ ነበር። የመጡልኝ ወረቀቶች እንከን አልነበራቸውም፤ ቅዱስ ቁርባን የክርስቲያናዊ ሕይወት ሁሉ ምንጭና ጫፍ መሆኑን ሳይጠቅስ ያለፈ አልነበረም፣ የአንዳንዶቹ አገላለጽማ ከእኔ የተሻለ ነበር። ማን እንደጻፈላቸው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በነጋታው ከእነርሱ አንዱን፣ ካህኑ ኅብስቱን ከቆረሰ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «ከዚያማ እንሰለፋለን» አለኝ። ልጁን አልፈረድኩበትም፤ ከተቀመጠበት ሆኖ የሚታየውን በትክክል ነው የነገረኝ። ፈራሁ የምለው ግን ይህን ነው፤ የሃይማኖት ትምህርት በወረቀት ላይ የሚሰፍር መረጃ ብቻ ከሆነ ማሽኑ ከተማሪውም ከመምህሩም በተሻለ ይሠራዋል፣ ሠርቶታልም። ማሽኑ ሊሠራው የማይችለው መንበርከክ፣ መዘመር፣ መጾም፣ በደልን መናዘዝና ኅብስቱን መቀበል ነው። ሰውነት የሌለው ነገር እነዚህን አያደርግም። ለቴክኖሎጂው ፈተና መልስ ፍለጋ አዳዲስ ፖሊሲዎችንና የአጠቃቀም ደንቦችን ስናዘጋጅ፣ ካቶሊካዊ ትምህርት ቤት ከሌላው ይልቅ በእጁ ያለውን ነገር የዘነጋነው ይመስለኛል።

አምልኮን ማስተማር ለሌላው ትምህርት የሚሆነውን ጊዜ ይሻማል ለሚሉ ወዳጆቼ፣ ከአንዲት ጠብታ ውሃ ልጀምርላቸው። በሮማው ሥርዓት በመባ ጊዜ በጽዋው ውስጥ ካለው ወይን ላይ ጥቂት ውሃ ይጨመራል። ይህን የሚያደርገው ዲያቆን ወይም ካህን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጸልየው ጸሎት፣ በዚህ ውሃና ወይን ምሥጢር፣ የእኛን ሰውነት ሊካፈል ራሱን ዝቅ ያደረገውን የክርስቶስን መለኮት እንድንካፈል የሚለምን ነው። ድምፁ ስለማይሰማ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ መዝሙር ስለሚዘመር፣ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው ይኖራል። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቆጵርያኖስ ስለዚህ ጉዳይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ውሃው ሕዝቡን፣ ወይኑ የክርስቶስን ደም እንደሚያመለክትና፣ የተቀላቀሉት መልሰው እንደማይለያዩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያንም ከክርስቶስ እንደማትለይ ያስተምራል። ይህን ለክፍሉ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «በማፍላት ይለያያሉ እኮ» አለች። የኬሚስትሪ መምህሩን ጠራነው፤ ውሃና አልኮል በማፍላትና ትነቱን በማቀዝቀዝ ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ ለምን ሙሉ በሙሉ እንደማይለያዩም አስረዳን። ከዚያ ወደ ቆጵርያኖስ ተመለስን፤ የጥንት ጸሐፊ ምሳሌ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚቆም ተነጋገርን። ከዚያም ወደ ሥጋዌ ትምህርት ገባን፤ አምላክ ሰው ሆነ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ የኒቂያ ጉባኤ በ325 ወልድ ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ ነው ብሎ ባይወስን ኖሮ ያ የጠብታዋ ጸሎት ትርጉም እንደማይኖረው ተወያየን። ይህ ሁሉ የመጣው ከጥቂት ሰከንድ ድርጊት ነው።

የሒሳብና የሥነ ፈለክ መምህራንም ድርሻ አላቸው። ፋሲካ የሚውለው በጸደይ (በማርች ወር) ቀንና ሌሊቱ እኩል ከሚሆኑበት ዕለት በኋላ ወይም በዚያው ዕለት የምትታየውን ሙሉ ጨረቃ በሚከተለው እሑድ ነው። የጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር በየዓመቱ ጥቂት ደቂቃዎችን ያተርፍ ስለነበር፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያ እኩሌታ ከተወሰነለት ቀን 10 ቀናት ርቆ ተገኘ፤ ፋሲካም ከወቅቱ እየሸሸ ሄደ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ያወጁት ለውጥ፣ ኢየሱሳዊው የሒሳብ ሊቅ ክሪስቶፈር ክላቪየስ የደከመበት፣ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለው ቀን ኦክቶበር 15 እንዲሆን አደረገ። ዓለም ዛሬ የባንክ ወለዱን የሚያሰላበትና የአውሮፕላን በረራውን የሚያቅድበት አቆጣጠር የተስተካከለው እንግዲህ አምልኮ በጊዜው እንዲፈጸም ሲባል ነው። ይህን በሒሳብ ክፍል ማስተማር ስብከት አይደለም፤ ታሪክን እንደነበረ መናገር ነው። ሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሬዞው መነኩሴ ጊዶ መዘምራኑ ዜማን ቶሎ እንዲማሩለት ሲል፣ እያንዳንዱ ስንኙ በአንድ ድምፅ ከፍ እያለ ከሚጀምር የመጥምቁ ዮሐንስ መዝሙር የመጀመሪያ ቀለሞችን ወስዶ ለድምፆቹ ስም ሰጣቸው፤ ዛሬ በየትኛውም የሙዚቃ ክፍል የሚጠሩት ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ኒውማን በ1852 በደብሊን ባሰማቸው ንግግሮች፣ ነገረ መለኮት ከዕውቀት ክበብ ቢወጣ ቦታው ባዶ ሆኖ እንደማይቀር፣ ሌሎቹ የዕውቀት ዘርፎች ከድንበራቸው አልፈው እንደሚይዙት ተከራክሯል። ለትምህርት ቤት አምልኮም ይህንኑ እላለሁ። ስፍራውን የያዘው ቪዲዮ ነው። በክፍሌ ውስጥ ስለ ቅዳሴ አጥብቀው የሚከራከሩ ጥቂት ወጣቶች አሉ፤ በ2007 የወጣውንና ከጉባኤው በፊት የነበረውን አሮጌ የቅዳሴ መጽሐፍ መጠቀምን ያሰፋውን ሕግ፣ በ2021 ያጠበበውንም ያውቃሉ፤ ማን ትክክል እንደሆነና ማን ከሃዲ እንደሆነም ወስነዋል። የት እንደተማሩት ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ስልካቸው ነው። እነዚህ ልጆች በፍቅር ነው የመጡት፣ ውበትና ክብር ያለው አምልኮ ናፍቋቸዋል፤ ይህንን ናፍቆት አላሾፍበትም። ነገር ግን ቅዳሴን በጠብ የተማረ ሰው ሲጸልይም ጎረቤቱን ከመመርመር አያርፍም። ከሌላው ወገን ደግሞ፣ አሮጌ ነገር ሁሉ የኋላ ቀርነት ምልክት የሚመስላቸውና ከጎርጎርዮሳዊው ዜማ፣ ከጥንቱ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ አንዲት ቁራጭ ሲሰሙ የሚደነግጡ ባልደረቦች አሉኝ፤ የ1963ቱ የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ በቁጥር 116 ለዚህ ዜማ ቀዳሚ ስፍራ እንደሚሰጥ ሲነገራቸው አያምኑም። ሁለቱም ወገኖች ከትምህርት ቤት ሊያገኙት የሚገባቸውን ሳያገኙ ቀርተዋል።

ናፍቆቱ እውነተኛ ለመሆኑ ምልክቶች አሉ። በፈረንሳይ በ2025 ፋሲካ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠምቀዋል፤ ይህም ከዓመቱ በፊት ከነበረው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ከዚህ ቁጥር ትልቅ መደምደሚያ ላይ መድረስ አልፈልግም፤ አንድ ዓመት ዘመን አይሆንም። ግን በርን ሲያንኳኩ የሚመጡ ወጣቶች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ «እንዴት ነው የሚጸለየው?» የሚል መሆኑን የቁምስና ካህናት ይነግሩኛል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም በሐዋርያዊ መልእክታቸው ለትምህርት ካስቀመጧቸው ቅድሚያዎች የመጀመሪያው የውስጥ ሕይወት ነው፤ ወጣቶች ጥልቀትን ስለሚሹ፣ የጸጥታና የማስተዋል ስፍራ፣ ከኅሊናቸውና ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገሩበት ስፍራ ይፈልጋሉ ይላሉ። ይህ ስፍራ በየትኛው የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ይገባል?

ከሚቀርቡብኝ ተቃውሞዎች ክብደት ያለው አንዱ ነው። በብዙ አገሮች የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በብዛት ካቶሊኮች አይደሉም፤ በአንዳንዱ ስፍራ ክርስቲያኖችም አይደሉም። እነርሱን በምን መብት ለአምልኮ እንጠራቸዋለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። የትምህርቱ መግለጫ የወጣበት ዕለት፣ ጉባኤው ከሌሎች ሃይማኖቶች ጋር ስላለው ግንኙነት «ኖስትራ ኤታቴ»ን ያወጀበት ዕለት ነው፤ ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸው፣ አንዱን ለማክበር ሌላውን መጣል አይቻልም። የቀኖና ሕጉም በቁጥር 748 ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ የካቶሊክን እምነት እንዲቀበል ሊገደድ እንደማይገባ ይደነግጋል። ስለዚህ ሙስሊሙን ወይም ሌላውን ተማሪ በመስቀል ምልክት ማማተብን አላስገድደውም፣ ቅዳሴ እንዲገባም አላዝዘውም። ግን የአምልኮን ትርጉም ማወቅና አምላኪ መሆን ይለያያሉ። ውሃው ለምን ወደ ወይኑ እንደሚጨመር ማወቁ ሙስሊሙን ልጅ አይጎዳውም፤ በተቃራኒው፣ እኔ በቁም ነገር የምጸልይ ሰው መሆኔን ሲያይ የእርሱንም ጸሎት በቁም ነገር እንደምወስድ ይገባዋል። በስፖርት አዳራሹ የግዳጅ ሰልፍ የሚከፋው ደግሞ እርሱ ነው፤ እኛ ራሳችን በማናከብረው ነገር ላይ እንዲገኝ እንጠይቀዋለንና። የፈቀደ የሚገባበት፣ ያልፈቀደ በክብር ሌላ ሥራ የሚሠራበት አነስተኛና የተዘጋጀ ቅዳሴ ለሁለቱም ይሻላል።

«ይህ የቁምስናና የቤተሰብ ሥራ ነው» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። የቀኖና ሕጉ ቁጥር 796 ወላጆችና መምህራን በቅርብ ተባብረው እንዲሠሩ ይጠይቃል፣ ድርሻ መከፋፈል ሥራን ለሌላው ገፍቶ መተው አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በጁን 29 ቀን 2022 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ምሥረታ በጻፉት መልእክት፣ ትልቁ እጅ ትንሿን እጅ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የመስቀልን ምልክት ሲያሳይ የሚፈጠረውን ነገር ይስላሉ። ያንን እጅ በቤቱ ያላገኘ ልጅ ወደ እኔ ክፍል ሲመጣ «የአባትህ ሥራ ነበር» ልለው አልችልም።

እንግዲህ የምጠይቀው ምንድን ነው? አንደኛና ከሁሉ የሚቀድመው፣ ጽሕፈት ቤታችሁ ከሥርዓተ አምልኮ ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ የ1973ቱን መመሪያ መንፈስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያደርስ አጭር መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ፤ ያ መመሪያ የተጻፈው ለትንንሽ ልጆች ነው፣ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ግን ከልጅነቱም ከአዋቂነቱም መካከል ባዶ ቦታ ላይ ቀርተዋል። በ2022 ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ማንነት ያወጣችሁት ሰነድ የማንነቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ፣ የጳጳሱ፣ የርእሰ መምህሩና የመምህራኑ ድርሻ ምን እንደሆነ በጥንቃቄ ገልጿል፤ እነዚህ ሰዎች በመንበረ ታቦቱ ዙሪያ አብረው ምን እንደሚያደርጉ መናገር ግን ገና ይቀራል።

መመሪያ ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ መደርደሪያዎቻችን በመመሪያ የተሞሉ ናቸው። መምህራኑ ራሳቸው መማር አለባቸው። በትምህርት ቤቶቻችን ሥራ የሚጀምር መምህር ስለ ሕፃናት ጥበቃ ሥልጠና መውሰዱ ዛሬ ግዴታ ሆኗል፤ ትክክልም ነው፣ ስንት ልጅ ከተጎዳ በኋላ የመጣ ግዴታ ነው። ከዚያው ጋር የሒሳብም ይሁን የስፖርት መምህር፣ ካቶሊክ ከሆነ፣ ቅዳሴው ውስጥ ቦታው ግድግዳው ዳር እንዳልሆነ የሚማርበት ጥቂት ቀናት ቢመደብለት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፈረንሳዊው ካህን ቅዱስ ዣን ባፕቲስት ዴ ላ ሳል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለድሆች ልጆች በገዛ ቋንቋቸው ማንበብን ያስተማሩ ወንድሞችን ሲያሰባስብ፣ ልጆቹን ወደ ቅዳሴ የሚወስዳቸውና በዚያ እንዴት እንደሚሆኑ የሚያሳያቸው ያው የንባብ መምህራቸው ነበር። ንባብንና ጸሎትን ከአንድ ሰው መማራቸው በእርግጥ ሳይረዳቸው አልቀረም።

ስለ ዜማ ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። የ1963ቱ ድንጋጌ በቁጥር 115 የሙዚቃ ትምህርትና ልምምድ በዘርዐ ክህነት ብቻ ሳይሆን በካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም ትልቅ ክብደት እንዲሰጠው ያዝዛል። በጀት ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዘው ግን የሙዚቃ መምህሩ ነው። የሚዘምር ትምህርት ቤት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚደጋግሟቸው ጥቂት መልካም ዜማዎች ይበቁታል። በየቅዳሴው አዲስ መዝሙር የሚቀርብበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን አንዱንም በቃላቸው ሳይዙ ይመረቃሉ።

በመጨረሻም፣ ጳጳሳት ለአድ ሊሚና፣ በየተወሰነ ዓመቱ ለሚያደርጉት የግዴታ ጉብኝት፣ ወደ ሮም ሲመጡ ስለ ሀገረ ስብከታቸው ዘገባ ያቀርባሉ፣ የካቶሊክ ትምህርትም አንዱ ክፍሉ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ60 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች በትምህርት ቤቶቻችን ይማራሉ፤ ስለ ቁጥራቸው፣ ስለ ሕንፃቸው፣ ስለ ፈተና ውጤታቸው የምናውቀው ብዙ ነው። በዚያ ዘገባ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመርልን፦ በሀገረ ስብከታችሁ ካቶሊክ ትምህርት ቤት የጨረሰ የተጠመቀ ወጣት፣ በማያውቀው ከተማ ወዳለ ማንኛውም ቁምስና ቢገባ፣ ቅዳሴውን ከሕዝቡ ጋር መጸለይ ይችላል ወይ? መልሱ እንዴት እንደሚጣራ፣ በምን እንደሚለካ መምህራኑ ራሳቸው ይንገሯችሁ፤ ብትጠሩን እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት መምህር